የድሮው ይሻላል ወይስ አዲሱ? የመኪና ወዳጆች ጨዋታና የቤተሰብ ኃላፊነት

ከዐስር ሶላት በኋላ ሰዎች ሰብሰብ ብለው ሻይ በሚጠጡበት ደጃፍ፣ በጋራዥ በር ላይ፣ ወይም በሠርግ ቤት ሙሽራው እስኪመጣ በሚጠበቅበት ሰዓት ከሚነሡት ጨዋታዎች አንዱ የመኪና ጨዋታ ነው። አንዲት አሮጌ ቮልስ እየተንጣጣች ስታልፍ ይበቃል፤ ወሬው ሁሉ ወደ እርሷ ይዞራል።

«ልጄ! ይህችን የመሰለች ቮልስ ስገዛ አንተ አልተወለድክም። ዛሬም ቁልፉን ሳዞረው ትነሣለች» ይላሉ አንድ አዛውንት።

«ልክ ነው አባባ፣ መነሣቱንስ ትነሣለች። አቀበቱ ላይ ግን ከኋላዋ ያለነውን ሁሉ ታሰልፈናለች» ይላል አዲስ መኪና የገዛው ወጣት። ሳቅ ይሆናል። ከዚያም አንዱ የድሮውን ብረት ጥንካሬ፣ ሌላው የአዲሱን ምቾት ያወድሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ለመግሪብ አዛን ይደረጋል።

ይህ ጨዋታ ሰውን ከሰው የሚያቀራርብ መልካም ጨዋታ ነው። ነገር ግን አንድ አባወራ በሻይ ቤት የሰማውን ይዞ ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ ሲያወጣ፣ እናት ሕፃኗን ታቅፋ ከፊት ወንበር ስትቀመጥ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች ከሚሉት ውስጥ የትኛው እውነት፣ የትኛው ደግሞ ከፍቅር የመጣ ማጋነን እንደሆነ ለይቶ ማየት ይገባል። ሰው የሚወደውን ነገር ሲያወድስ ጉድለቱን መሸፈን ይቀናዋልና።

ቮልስ ለምን ተወደደች?

የቮልስ ታሪክ ረጅም ነው። ንድፏን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሼ የተባለው መሐንዲስ ነው። ፋብሪካዋ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1938 ዛሬ ቮልፍስቡርግ በምትባለው የጀርመን ከተማ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካውን እንደገና ያስነሣው ኢቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 ከ15 ሚሊዮን በላይ በመመረት የአሜሪካውን ፎርድ ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር።

ይህን ያህል የተወደደችበት ምክንያት ምስጢር አይደለም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ ውኃ አይፈላባትም፣ ቱቦም አይፈነዳባትም። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ዋና ብሎኖች ስለሆነ ሙያውን የሚያውቅ መካኒክ ከረዳቱ ጋር ሆኖ በአጭር ጊዜ ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ብዙዎቹ የነዳጅ መለኪያ እንኳ አልነበራቸውም። ነዳጁ ሲያልቅ ሾፌሩ አንዲት ቁልፍ በእግሩ ገፋ አድርጎ በመጠባበቂያው ነዳጅ ይጓዝ ነበር። በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ የፊት መስተዋት የሚታጠብበትን ውኃ የሚገፋው የስኮርታው ጎማ አየር ነው። ቀላል ነገር ቶሎ አይበላሽም፤ ቢበላሽም በቀላሉ ይጠገናል። የቮልስ ዝና ያረፈው በዚህ ላይ ነው።

በአዲስ አበባ የምናውቃቸው ሌሎቹ አሮጌ መኪናዎችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ያገለገለችው ሰይቼንቶ እ.ኤ.አ. በ1955 ጣሊያን ውስጥ የወጣችው ፊያት 600 ናት። በደርግ ዘመን በብዛት የገባችው ላዳ ደግሞ ከፊያት 124 የተወለደች ናት። ሶቭየቶች ፈቃዱን ከጣሊያኖች ገዝተው እ.ኤ.አ. በ1970 ቶልያቲ በተባለችው ከተማ ማምረት ሲጀምሩ መኪናውን እንዳለ አልወሰዱትም። ለሻካራ መንገድና ለብርድ እንዲስማማ ላሜራውን አወፈሩት፤ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ለወጡት፤ ሞተሩንም ቀየሩት። ላዳ በእኛ ኮረኮንች ለረጅም ዘመን የቆየችው ለእንዲህ ዓይነት መንገድ ታስባ ስለተሠራች ነው።

ስለዚህ የድሮ መኪና ወዳጆች «ባለቤቱ ሊያውቀውና ሊጠግነው የሚችል መኪና ነው» ሲሉ እውነታቸውን ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃውን መፈለግ፣ በሠፈር ጋራዥ ማስገጠም፣ ሲያቃት ምን እንደሆነች በድምጿ ማወቅ፣ ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው።

«የድሮው ብረት ጠንካራ ነው» የሚለው ነገርስ?

ሁሉም የሚስማማበት የሚመስለው፣ ግን እጅግ አደገኛ የሆነው አባባል ይህ ነው። አዛውንቱ የቮልሷን ኮፈን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ይህ ብረት ነው፤ የእናንተው እኮ በጣት ሲነኩት ይሰረጉዳል» ይላሉ። ላሜራው ወፍራም መሆኑ አይካድም። ጥያቄው ግን በግጭት ጊዜ ብረቱ ይተርፋል ወይ ሳይሆን፣ ከውስጥ ያለው ሰው ይተርፋል ወይ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በዓይን የሚታይ መልስ ተሰጥቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የመኪና ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ያቋቋሙት የመንገድ ደኅንነት ተቋም 50ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ ሁለት መኪናዎችን ፊት ለፊት አጋጨ። አንደኛው የ1959 ሞዴል ሸቭሮሌ ቤል ኤር፣ ሁለተኛው የ2009 ሞዴል ሸቭሮሌ ማሊቡ ነበር። ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዙ ነበር። በሾፌሩ ቦታ ላይ የሰው ቅርጽ ያለው መለኪያ አሻንጉሊት ተቀምጦ ነበር።

ረጅሙና ግዙፉ የድሮ መኪና የሾፌሩ ክፍል ተጨፍልቆ መሪው ወደ ሰውየው መጣ። ሰው ቢሆን ኖሮ በሕይወት የመትረፉ ነገር አጠራጣሪ ነበር። በአዲሱ መኪና ውስጥ የነበረው «ሾፌር» ግን የደረሰበት ቀላል የእግር ጉዳት ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የዛሬ መኪና ፊቱ የሚጨማደደው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲጨማደድ ታስቦ ስለተሠራ ነው። ኮፈኑና ሻንሲው ሲታጠፉ የግጭቱን ኃይል ይውጡታል። ሰዎቹ የተቀመጡበት ክፍል ግን ከጠንካራ ብረት ስለሚሠራ ቅርጹን ይጠብቃል። ይህን ሐሳብ ያፈለቀው ለመርሴዲስ ይሠራ የነበረው ቤላ ባሬኒ የተባለ መሐንዲስ ነው። በሌላ በኩል ፊቱ የማይታጠፍ መኪና ኃይሉን ሳይቀንስ ለተሳፋሪው ያስረክበዋል። ብረቱ ይተርፋል፤ ሰውየው ይጎዳል።

ቮልስ ላይ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ከፊት ኮፈኗ ሥር ያለው የነዳጅ ታንክ ነው። በግጭት ጊዜ በሰውና በመንገዱ መካከል ያለው ይኸው ነው። ይህን የምንለው ቮልስን ለማንቋሸሽ አይደለም። መኪናውን የሚወድ ሰው ጉድለቱንም አብሮ ማወቅ ስላለበት ነው።

እናቶች ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ደግሞ አለ። «ልጁን አቅፌዋለሁ፣ ምንም አይሆንም» የሚለው ልማድ በአሮጌም በአዲስም መኪና ያው አደጋ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ውስጥ ተጋጭቶ ቢቆም 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ወደ ፊት የሚሳበው ወደ 140 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ነው። ይህን የሚይዝ ክንድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1959 የስዊድኑ ቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን የሠራውና በደረትና በወገብ የሚያልፈው የደኅንነት ቀበቶ የተፈለገው ለዚህ ነው። ኩባንያው ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲጠቀሙበት ፈቅዷል። ለሕፃናት ደግሞ በዕድሜያቸውና በክብደታቸው ልክ የተሠራ የመኪና ወንበር አለ።

«አዲሱን ማን ይጠግነዋል?»

አሁን ደግሞ የአዲስ መኪና ወዳጆችን እንጠይቅ። በሻይ ቤት ጨዋታ ላይ አዛውንቱ «ልጄ፣ የአንተ መኪና ሲበላሽ የሚጠራው መካኒክ ነው ወይስ ኮምፒውተር?» ሲሉ ወጣቱ ፈገግ ይላል እንጂ መልስ የለውም። ነገሩ እውነትነት አለውና።

የዛሬ መኪና በኤሌክትሮኒክስ የተሞላ ነው። ጎማው በፍሬን ጊዜ እንዳይቆለፍ፣ መኪናው በመታጠፊያ እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠሩት መሣሪያዎች ሕይወት የሚያድኑ ናቸው። ነገር ግን ሲበላሹ መዶሻና መፍቻ አይበቃቸውም፤ የመመርመሪያ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ቀድሞ በ«ዲኤክስ» ቶዮታ ላይ ካንዴላና ፑንቲና አጽድቶ ያስነሣ የነበረ መካኒክ ዛሬ ገመዱን ከመኪናው ጋር አገናኝቶ የስሕተቱን ቁጥር ማንበብ ይጠበቅበታል። ስለዚህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ሊጠይቀው የሚገባው «ይህ ሲበላሽ በከተማዬ የሚሠራው ማን ነው? ዕቃውስ ከየት ይመጣል?» የሚለውን ነው። መልስ የሌለው አዲስ መኪና በአንድ ቀን ብልሽት ወራት ሊቆም ይችላል። የቆመ መኪና ደግሞ ለቤተሰብ ሀብት ሳይሆን ሸክም ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና መጣና ክርክሩ ተለወጠ

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከታወቀ ወዲህ የሻይ ቤቱ ጨዋታ መልኩን ለወጠ። ቀድሞ «ቮልስ ወይስ ቶዮታ» ይባል የነበረው «ነዳጅ ወይስ ባትሪ» ሆነ።

እዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ ራሱ ዳኛ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ነዳጅ ለማንደድ አየር ያስፈልጋልና ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከፋብሪካ ስትወጣ 34 የፈረስ ጉልበት የነበራት ባለ 1200 ቮልስ እንጦጦ ሥር ስትደርስ 25 ገደማ ይቀራታል ማለት ነው። የወጣቱ ቀልድ መነሻው ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አያስፈልገውምና በከፍታ ምክንያት ጉልበቱ አይቀንስም። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ፍሬኑም ቶሎ አያልቅም። የሞተር ዘይት መለወጥ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ የሚባል ወጪ የለም። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ መሆኑም መልካም አጋጣሚ ነው።

ጉድለቱስ? መጀመሪያ ነገር ባትሪው እየዋለ እያደረ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም እርሱ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ነገር ግን ዋስትናው የሚሠራው ሻጩ በአገር ውስጥ የሚያከብረው ከሆነ ነው። ይህ በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው የመሙላት ጉዳይ ነው። በቤት ውስጥ በተራ ሶኬት በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቢወስድ በ10 ሰዓት ሌሊት 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሞላል። አንድ መካከለኛ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚፈጅ ይህ ለከተማ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ለክፍለ ሀገር ተጓዥ ግን ሌላ ስሌት ነው። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ሠፈር የሚኖር፣ ወይም ግቢ የሌለውና መኪናውን በመንገድ ዳር የሚያሳድር ሰውም አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

አሮጌዋን ለሚይዛት

ብዙዎቻችን አዲስ የመግዛት አቅም የለንም፤ አሮጌዋን ጠብቆ መያዝም ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ያለውን ንብረት አለማባከን ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቮልስ ያላችሁ እነዚህን አትዘንጉ።

አንደኛ፣ ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ክዳኑ ከሌለ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ወይም ልጆች ሲዘልሉ የወንበሩ ሽቦ ከባትሪው ጫፍ ጋር ተነካክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ዛሬውኑ ወንበሩን አንሥታችሁ እዩ፤ ክዳን ከሌለው በወፍራም ላስቲክ ይሸፈን። የባትሪው አሲድም ከሥሩ ያለውን ላሜራ ይበላልና አብራችሁ ተመልከቱ።

ሁለተኛ፣ ከሞተሩ አጠገብ የሚያልፈው የነዳጅ ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። በጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ስንቱን ቮልስ አቃጥሏል። ጎማው ርካሽ ነው፤ ሳይሰነጠቅ መለወጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የማቀዝቀዣውን ማራገቢያም የሚያዞረው እርሱ ነው። ከተበጠሰ ቀይዋ የዲናሞ መብራት ትበራለች። «ቤት እስክደርስ» ብሎ መንዳት ሞተሩን ማቃጠል ነው፤ ወዲያው አቁሙ። መለዋወጫ ቺንጋ ከመኪናው አይለይ።

አራተኛ፣ ዘይቷ ትንሽ ስለሆነና የምታጠልለው በወንፊት ብቻ ስለሆነ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጥ። ቫልቮቿም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በ0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይስተካከሉ።

አምስተኛ፣ ቀበቶ አስገጥሙ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ከፋብሪካው ተዘጋጅቷል።

ለአሮጌም ለአዲስም መኪና የሚሆን አንድ ምክር ደግሞ አለ። የጎማውን ዕድሜ ተመልከቱ። ከጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት መካከል አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 3518 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2018 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደኅና አይደለም። ከ10 ዓመት በላይ የቆየ ጎማ ይለወጥ።

ጉድለቱን መንገር

የመኪና ጨዋታ ወደ ግብይት ሲዞር ግን ሌላ አማና ይመጣል። «ሞተሩ አልተነካም»፣ «የአንድ ሐኪም መኪና ነበር»፣ «ኪሎ ሜትሩ እንዳየኸው ነው» የሚሉት ቃላት በደላላ አፍ ቀላል ናቸው። የኪሎ ሜትር ቁጥር ግን ወደ ኋላ ይመለሳል። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ የፍሬኑ ፔዳል ላስቲክ ካለቀ፣ መሪው ከተላሰና የሾፌሩ ወንበር ከሰመጠ ዕቃዎቹ የሚመሰክሩት ሌላ ነው። ምንጣፉን ገልጦ ማየት፣ በጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሄዶ ማስነሣት፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማስተያየት፣ ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለውን መካኒክ ይዞ መሄድ የገዢው ድርሻ ነው።

የሻጩ ድርሻ ግን ይበልጣል። በኢስላማዊ የግብይት ሕግ ዕቃው ላይ ያለውን ዐይብ የሚያውቅ ሻጭ ለገዢው የመንገር ግዴታ አለበት። ገዢው ሳያውቀው የገዛው ጉድለት ከተገኘም ዕቃውን የመመለስ መብት አለው፤ ፉቀሃዎች ይህን «ኺያሩል ዐይብ» ይሉታል። በመኪና ላይ ደግሞ የተደበቀ ዐይብ ገንዘብ ብቻ የሚያስከፍል አይደለም። የተሰነጠቀ የመሪ ዘንግ ወይም የሚያንጠባጥብ የፍሬን ዘይት ደብቆ የሸጠ ሰው የሸጠው መኪና ብቻ አይደለም፤ ገዢው ነገ ልጆቹን ጭኖበት ይወጣልና።

እንግዲህ የድሮው ይሻላል ወይስ አዲሱ? ሁሉንም ቤት የሚያስማማ አንድ መልስ የለም። በቀን ጥቂት ኪሎ ሜትር ቀስ ብሎ ለሚነዳና መኪናውን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው ደኅና የተያዘች ቮልስ ትበቃዋለች። ልጆቹን ይዞ በየሳምንቱ አውራ ጎዳና የሚወጣ ሰው ግን አቅሙ ከፈቀደ ቀበቶና ኤርባግ ያለውን፣ የሚጠግንለት ሰውም የሚያገኝለትን ዘመናዊ መኪና ቢመርጥ ይሻለዋል። የመኪና ወዳጆች ሆይ! ጨዋታችሁ አይቋረጥ። ነገር ግን የመኪናችሁን ውበት ለወጣቶች ስትነግሩ ጉድለቱንም አብራችሁ ንገሯቸው። ከሻይ ቤቱ የሰሙትን ይዘው ገበያ የሚወጡት እነርሱ ናቸውና።